ጾመኛ ነኝ፤ ታዲያ ለምን እወፍራለሁ?

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ፣ አያት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ሜክሲኮ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትንሹ 3 ዓመቱ ነው። ከመውለዴ በፊት 63 ኪሎ ነበርኩ፤ አሁን 84 ገብቻለሁ። ቁመቴ 1.62 ነው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም። የሚገርመኝ ግን በጾም ወቅት ይብስብኛል። አምና እንጀራ ትቼ በዳቦና በፓስታ ስኖር 4 ኪሎ ቀነስኩ፤ ብዙም ሳይቆይ 6 ጨመርኩ። ሁለተኛውን ልጅ ከወለድኩ ጀምሮ የ3 ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወስዳለሁ። ጂም ለመግባት ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። ቲክቶክ ላይ የሚሸጠውን የማክሻ ሻይ ልጀምር ወይስ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ይሻለኛል? ተስፋ ቆርጫለሁ፤ እባክዎ ይምከሩኝ።»

የሥነ ምግብ ባለሙያ ምላሽ፦

እህቴ፣ «በጾም ወቅት ይብስብኛል» ማለትሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይህን ለመናገር ያፍራል። ጾመኛ ሰው መክሳት ያለበት ይመስለናላ! በሥራዬ ከማገኛቸው ሴቶች መካከል ግን የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጾመው፣ ኪሎ ጨምረው ፋሲካን የሚቀበሉ ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። ሥጋው፣ ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ከገበታ ሲነሱ ቦታቸውን የሚይዘው ዘይት ነው። አንቺ ደግሞ የምትጾሚው ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ነው።

ስለዚህ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ። እንጀራውን አትተዪ። ዘይቱንና ስኳሩን ግን መለካት ጀምሪ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ በእግርሽ ሂጂ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ፤ ሙያሽም ስለሆነ አይከብድሽም። ቤታችሁ በወር ስንት ሊትር ዘይት ያልቃል? አራት ሆናችሁ አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በወር ትጨርሳላችሁ እንበል። 5 ሊትር ዘይት ወደ 4.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል። አንድ ግራም ዘይት 9 ኪሎ ካሎሪ ጉልበት አለው። ስለዚህ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው 41,400 ኪሎ ካሎሪ ነው። ለ30 ቀን ስናካፍለው በቀን 1,380፣ ለአራት ሰው ስናካፍለው ደግሞ ለእያንዳንዳችሁ 345 ይደርሳል። ልጆቹ የአንቺን ያህል ስለማይበሉ ያንቺ ድርሻ ከዚህም ይበልጣል። ይሄ ሁሉ እንግዲህ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ሳይቆጠር ነው። በአንቺ ዕድሜና ኪሎ ያለች፣ ቁጭ ብላ የምትሠራ ሴት በቀን የሚያስፈልጋት ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከዚያ ውስጥ ከ350 የሚበልጠው ገና ወጡ ሲቁላላ አለቀ ማለት ነው።

ጀሪካኑን ከ5 ወደ 3 ሊትር ብታወርጂው ለእያንዳንዳችሁ በቀን ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ይቀንሳል። ማንም ሳይራብ! ዘይት በዚህ ዋጋው ለኪስሽም ትልቅ ነገር ነው። አንዳንድ ጊዜ ሰው ለጤናው የማያደርገውን ለወር አስቤዛው ሲል ያደርገዋል፤ ምክንያቱ የትኛውም ይሁን፣ ለእኔ ያው ነው።

ደግሞ «የኛ ዘይት ፈሳሽ ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም» እንዳትዪኝ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ለልብ ጤና የባሰ መሆኑ እውነት ነው። በካሎሪ ግን የሚረጋውም፣ የሱፉም፣ የኑጉም፣ የወይራውም አንድ ናቸው። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ስለ ማወፈሩ ምንም አይነግርሽም።

እንዴት ነው የሚቀንሰው? እናቶቻችን የሚያውቁትን ነው የምነግርሽ። ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ከትፈሽ ባዶ ድስት ላይ ጣጂው፤ ዘይት የለም። እሳቱን መጠነኛ አድርገሽ አማስዪ። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይለቃል። ውሃው መጦ መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ደግሞ ሲይዝ ደግሞ ጠብ። እንዲህ እያልሽ ሽንኩርቱ ቀልቶ ሲልም በርበሬውን ጨምሪ፤ እሱንም በውሃ አቁላዪው። ዘይቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። የሚገባውም ከጀሪካኑ በቀጥታ እየተንዠቀዠቀ ሳይሆን በሾርባ ማንኪያ እየተለካ ነው። ለአራት ሰው በሚሆን ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። አንዱ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ይህን ቁጥር ያዢው። ወጡ ሲበስል ዘይቱ ከላይ ከተንሳፈፈ ገና አልቀነስሽም ማለት ነው።

ሠራተኛ ካለችሽ ይህን ጉዳይ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። በብዙ ቤት ምግቡን የምታበስለው ሌላ ሰው ናት፤ አመጋገብ ለመቀየር የሚወስነው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ዘይት በርከት ካላለ ሙያ የሌላት የሚያስመስልባት ይመስላታል። «ዘይት ያነሰበት ወጥ ነው የምፈልገው» ብለሽ በግልጽ ንገሪያት፤ ማንኪያውን ጀሪካኑ ጋ አስቀምጪላት።

ስለ ስኳር አንድም ነገር አልጻፍሽም። ማንም አይጽፍም! ሻይና ቡና ምግብ አይመስለንም። መሥሪያ ቤት 4 ሰዓት ላይ አንድ ሻይ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ማኪያቶ፣ ማታ ቤት ደግሞ አንድ ሻይ እንበል። በየሲኒው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብታደርጊ 36 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ጥሩ ነው ይላል። በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ስለማትቀምሺ ይህ ይቀንሳል ትዪ ይሆናል። የማየው ግን ሌላ ነው። ጾሙ ሲፈታ ሰው ደክሞታል፤ አንጀቱ ጣፋጭ ይላል። አንድ ለስላሳ ይከፈታል፤ በውስጡ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ወይም ጁስ ቤት ገብቶ ስፕሪስ ያዛል። አቮካዶ ጥሩ ምግብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያ ትልቅ ብርጭቆ ስኳሩ ተጨምሮበት ራሱን የቻለ ምሳ ነው። ከምሳ በፊት ምሳ ጠጣሽ ማለት ነው።

ስኳሩን በአንድ ቀን አታቁሚ። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ ውረጂ። ምላስ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ የድሮውን ሻይ ብትቀምሺው ሽሮፕ ነው የሚመስልሽ።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። እንጀራ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። 100 ግራሙ ወደ 150 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ነው። ዳቦ በዚያው ክብደት 250 ገደማ ነው። አምና እንጀራ ትተሽ ዳቦና ፓስታ የያዝሽው እንግዲህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው የሄድሽው። ያኔ የቀነስሽው 4 ኪሎ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት የሰውነት ውሃ ጋር ተደምሮ ነው፤ የምትወጅውን ምግብ ከልክለሽ ደግሞ ብዙ አትዘልቂም። ስትመለሺ እልህ ይዞሽ ትመለሻለሽ። 6 ኪሎ የመጣው እንዲህ ነው።

የእንጀራ ችግሩ ብዛቱን አለማየታችን ነው። ከትሪ ላይ አብረን ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። የተነጠፈው አልቆ ሌላ ይጨመራል፤ ወጥ የጠጣው የታችኛው ደግሞ መጨረሻ ላይ ተጠራርጎ ይበላል። የሚጣፍጠውም እሱ ነው። ከቤተሰብሽ ጋር ከመሶቡ መብላትሽን አትተዪ። ግን እንዲህ አድርጊ፦ አንድ እንጀራ ከሁለት ቆርጠሽ ግማሹን ከፊት ለፊትሽ አስቀምጪ፤ ድርሻሽ እሱ ነው። ትሪው ላይ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ሰላጣው በርከት ይበል። በትንሽ እንጀራ ብዙ ጎመን ጠቅልዪ። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ አዚፋ የሚያጠግቡሽ ናቸው፤ ፕሮቲንም አላቸው፣ ቶሎም አያስርቡም። በፍስክ ቀን የተቀቀለ እንቁላልና አይብ ይጨመራል። ግማሹ ካልበቃሽ ሩብ ጨምሪ፤ ግን ጨምረሽ እንደሆነ ይወቅልሽ።

ፍርፍር ላይ ግን ጨከን እላለሁ። የጾም ፍርፍር እንጀራ ብቻ አይደለም፤ እንጀራው የቁሌቱን ዘይት በሙሉ መጦ ይይዛል። 9 ሰዓት ላይ ጾም የሚፈታው ደግሞ ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ያ ሁሉ ሰዓት የራበው ሰው በፍጥነት ይበላል፤ ሆዱ «ጠገብኩ» ብሎ መልእክት እስኪልክ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሪው። መጀመሪያ ውሃ ጠጪ። ከዚያ ሾርባ ወይም ንፍሮ ወይም ሰላጣ ትንሽ ቅመሺ። ዋናው ምግብ ከዚያ በኋላ ይቅረብ። እራት ደግሞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከብዶ ከመጣ 9 ሰዓት ላይ የተጠነቀቅሽው ሁሉ ውሃ በላው። ከቻልሽ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀለል ያለ ይሁን።

ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ የሚቀመጠውን ነገርም አስቢበት። ቆሎ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ እፍኝ እንጂ ፌስታሉን ሙሉ አይደለም። ሥራ ላይ ሆኖ ሲበሉት ፌስታሉ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም። ለውዝ ሲቀላቀልበት በጣም ይከብዳል። ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ፓስቲ ለጾም ይሆናሉ፤ ለኪሎ ግን አይሆኑም። ሁሉም ዘይት ውስጥ የተጠበሱ ሊጥ ናቸው።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ሰው ሲሰማው የሚከፋውን ልናገር። በእንቅስቃሴ ብቻ ብዙ ኪሎ አይቀነስም። በአንቺ ክብደት ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ወደ 150 ኪሎ ካሎሪ ያቃጥላል። አንድ ቦምቦሊኖ ይህን መልሶ ይሞላዋል። ታዲያ ለምን እንቀሳቀሳለሁ ካልሽኝ፣ የቀነሰው ኪሎ እንዳይመለስ የሚጠብቀው እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የጠበቁ ሰዎችን የሚከታተል መዝገብ አለ። አመጋገባቸው የተለያየ ነው። አብዛኞቹ ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ በብዛት የሚሠሩትም የእግር ጉዞ ነው። ጂም የግድ አይደለም።

አንቺ ከአያት ሜክሲኮ በባቡርም መጣሽ በታክሲ፣ ለገሃር ውረጂና የቀረውን በእግርሽ ሂጂ። ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ማታ ስትመለሺም እንደዚያው፤ ግማሽ ሰዓት ሆነልሽ። በሳምንት አምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ የሚመክረው ይህንኑ ነው። አረማመድሽ እያወራሽ መሄድ የምትችዪበት፣ ዘፈን መዝፈን ግን የማትችዪበት ይሁን። ተረከዝ ያለውን ጫማ ቢሮ ተዪው፤ በስኒከር ሂጂ። ቢሮ ስትደርሺ መቀየር ነው፤ ማንም አያይሽም፣ ቢያይሽም ምን ችግር አለ?

3ኛ ፎቅ መኖርሽ ደግሞ ነፃ ጂም ነው። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ደረጃውን ሁለቴ ወጥተሽ ውረጂ። ጉልበትሽን ካመመሽ ስትወርጂ ቀስ ብለሽ፣ መደገፊያውን ይዘሽ ይሁን። በሳምንት ሁለት ቀን ለጡንቻሽ የሚሆን ነገር ሥሪ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ሳትደገፊ ብድግ፣ ቁጭ፤ አሥር ጊዜ፣ አርፈሽ ደግሞ አሥር። ግድግዳ ተደግፎ መግፋትም አለ፤ እሱም አሥር። በቃ። ገመድ ዝላዩንና ሩጫውን ለጊዜው ተዪው፤ በ84 ኪሎ ጉልበት ላይ ይጫናል። ክረምት ሲገባና ዝናቡ አላስወጣ ሲል ሙዚቃ ከፍተሽ ከልጆችሽ ጋር ሩብ ሰዓት እስክስታ ውረዱ። ቀልድ አይደለም። በደንብ የተወረደ እስክስታ ላብ ያስጠምቃል። እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚሠራውን ሕዝብ አይተሽው ታውቂ ይሆናል፤ ባለቤትሽን ይዘሽ ብትሄጂ እዚያ ያለው መንፈስ ራሱ ይገፋሻል።

ግብሽን እንነጋገር። 84 ኪሎ በ1.62 ቁመት ሲሰላ የክብደትና የቁመት ምጣኔሽ 32 ይሆናል። 30 እና ከዚያ በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው የሚባለው። ስለዚህ መቀነስሽ ለመልክ ብቻ አይደለም። ግን 63ን አሁን እርሺው። የመጀመሪያው ግብሽ 78 ይሁን። ይህን የምልሽ በዘፈቀደ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። ለስኳር በሽታ ተቃርበው የነበሩ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደረገ። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። የአንቺ 7 በመቶ ወደ 6 ኪሎ ነው። 78 ማለት ያ ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ብትቀንሺ በሦስት ወር ገደማ ትደርሻለሽ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ልትቀንሺ ትችያለሽ። ደስ ይበልሽ፤ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ምንም ላይቀንስ ይችላል። ያን ጊዜ ነው ሰው «ለካ የእኔ ተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚተወው። የወር አበባሽ ሲቃረብም ሰውነት ውሃ ይይዛል፤ ጨው የበዛበት ወጥ የበላሽ ማግስትም እንዲሁ። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ መጸዳጃ ቤት ደርሰሽ ስትመለሺ፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን ብቻ ተመዘኚ። መንገድ ላይ ከሚመዝኑት ልጆች ጋ ዛሬ በጃኬት፣ ነገ በሌላ ሚዛን እየወጣሽ ራስሽን አታሳብጂ። ሚዛን ከሌለሽ ክር በቂ ነው። እምብርትሽ ጋ ወገብሽን ዙሪያውን ለኪበትና ቋጥሪው። በየወሩ በዚያው ክር ለኪ። ሚዛኑ ሲለግም ብዙ ጊዜ ክሩ ይናገራል። ለሴት ወገብ ከ88 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለልብና ለስኳር በሽታ የሚያሰጋ ነው ይባላል፤ ከዚያ መስመር በታች መውረድሽ ከኪሎው እኩል ቁም ነገር ነው።

መርፌውን ባትጠቅሺው ኖሮ እኔ እጠይቅሽ ነበር። የ3 ወሩ መርፌ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል። ይህ የታወቀ ነው፤ ወሬ አይደለም። በተለይ በጀመሩ በ6 ወር ውስጥ ከክብደታቸው ከ5 በመቶ በላይ የጨመሩ ሴቶች ከዚያም በኋላ መጨመራቸውን የመቀጠል ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። በአንቺ ላይ ምን ያህሉ የመርፌው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ መርፌውን ስትጀምሪ ስንት ኪሎ እንደነበርሽ ካርድሽ ላይ ይኖራል፤ እዪው። ብቻ በራስሽ ጊዜ እንዳታቆሚው፤ ያልታሰበ እርግዝና ይመጣል። የቀጠሮሽ ቀን ሲደርስ «ኪሎ ጨምሮብኛል፤ ሌላ አማራጭ አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ለምሳሌ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሆርሞን የሌለው ሉፕ አለ። ይህ መብትሽ ነው፤ «ሁሉም ሰው ይወፍራል» ብለው ቢመልሱሽ እንኳ ደግመሽ ጠይቂ።

እግረ መንገድሽን ሦስት ነገር ተመርመሪ፦ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የሚታይ የስኳር መጠን፣ እና የታይሮይድ ሆርሞን። ብርድ ብርድ የሚልሽ፣ ሆድሽ የሚደርቅ፣ ፀጉርሽ የሚነቃቀል፣ ድካሙ የማይለቅሽ ከሆነ ታይሮይዱ በተለይ መታየት አለበት። አንገትሽ ኋላ ላይ ቆዳው ጠቁሮና ወፍሮ ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ሳለሽ ስኳር ነበረብሽ ተብለሽ ከሆነ የስኳሩን ምርመራ አታዘግዪ።

ደግሞ የሰው አፍ አለ። ይህን ያህል ኪሎ ስትጨምሪ አብዛኛው ሰው ያለሽ «ተስማምቶሻል» ነው አይደል? አምስት ኪሎ ስትቀንሺ ደግሞ «ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?» ይሉሻል። አማትሽ ይጨነቃሉ። ግብዣ ላይ «በሞቴ ይችን ብቻ» የሚል ጉርሻ ይመጣል። እምቢ ብትዪ ይቀየሙሻል፤ እሺ ብትዪ ሦስተኛው ጉርሻ ጠብ ያጠፋል እየተባለ ይቀጥላል። የምመክርሽ አንድ ጉርሻ ተቀበዪ፤ ከዚያ አንቺ ራስሽ አጉራሽ ሁኚ። የሚያጎርስ ሰው አይጎረስም ማለት ይቻላል! ለሚጠይቅሽ ደግሞ «የጤና ባለሙያ ቀንሺ ብሎኝ ነው» በዪ። እኛ አገር ከ«ልቀጥን ፈልጌ ነው» ይልቅ ይህ መልስ ቶሎ ይገላግላል። ውሸትም አይደለም።

ሞራልሽን በተመለከተ፣ ስንፍና አይታየኝም። እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ የምትውል ሴት ራሷን መግዛት ታውቃለች። የጎደለሽ መረጃ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሪ። እግር ጉዞው ነገ ይጀመር። በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ስኳሩ ላይ ብቻ ሥሪ። በሚቀጥለው ሁለት ሳምንት የዘይት ማንኪያው ይግባ። እንጀራውን ማካፈል የወሩ መጨረሻ ሥራ ነው። አንድ ቀን ከተበላሸ፣ ሠርግ ወይ ክርስትና ከመጣ፣ ብይ፤ በማግስቱ ወደ መስመርሽ ግቢ። ለማካካስ ብለሽ ቀኑን ሙሉ አትራቢ፤ ማታ በእጥፍ ይመለሳል።

በመጨረሻ ስለ ሻዩ። አትግዢው። ማክሻ እየተባሉ የሚሸጡት ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው። ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ውሃና ዓይነ ምድር ነው፤ ስቡ አይነካም። ሲዘወተር የሰውነት ጨውን ያዛባል፤ በጾም ቀን ደግሞ ራስ እስከ መሳት ያደርሳል። አንዳንድ የማክሻ ምርቶች ውስጥ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት በድብቅ ተጨምሮ በተለያዩ አገሮች ተገኝቷል። ይህ መድኃኒት በልብ ላይ በሚያመጣው ጉዳት ምክንያት በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችሽ ስለ ኦዜምፒክ ነግረውሽ ከሆነ፣ እሱ ለስኳር በሽታ የተሠራ እውነተኛ መድኃኒት ነው። በውስጡ ባለው ሴማግሉታይድ በተባለ ንጥረ ነገር ላይ በተደረገ ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሷል። ግን ሲቆም አብዛኛው ኪሎ ተመልሷል፤ ያለ ሐኪም ክትትልም አይወሰድም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ሐሰተኛው በየአገሩ እየተገኘ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ በሻንጣ መጣ ተብሎ ከሚሸጥ ሰው እንዳትገዢ።

ሎሚ በሙቅ ውሃው ጉዳት የለውም፤ ጨጓራ ከሌለብሽ። ስብ ያቀልጣል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። የሚጠቅመው ስኳር ያለውን ሻይ ከተካልሽ ነው። በጾም ቀን ግን እስከ 9 ሰዓት ስለማትቀምሺ ጥያቄው ራሱ አይነሳም። የምርመራ ውጤትሽ ሲደርስ፣ መርፌውን ስትጀምሪ የነበረሽን ኪሎና ቤታችሁ በወር የሚያልቀውን የዘይት ሊትር ጨምረሽ ጻፊልኝ፤ ቀጣዩን በዚያ ላይ ተመሥርተን እንነጋገራለን።